ተመላላሽ ታካሚው ሁሉ «በጣም ረክቻለሁ» ሲል ምን ይደረጋል?

ኳሊቲዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል ኳሊቲ (የአገልግሎት ጥራት) ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ ነው።

በየሩብ ዓመቱ የተመላላሽ ታካሚዎችን እርካታ ለክቼ ሪፖርት አደርጋለሁ። ባለፈው ጊዜ ከአሥር ታካሚ ዘጠኙ «ረክቻለሁ» ወይም «በጣም ረክቻለሁ» ብሎ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት በጠዋት ስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። እኔ ግን ጭብጨባው አልተዋጠልኝም። ኮሪደሩን በየቀኑ አየዋለሁ እኮ። ሰው ገና ሳይነጋ ነው የሚሰለፈው። መቀመጫ የለም። የፋርማሲው መስኮት ላይ «ይሄ የለም፣ ውጭ ግዙ» ሲባል ይውላል። ታዲያ የረካው ማነው?

ነገሩ ሲከነክነኝ አንድ ቀን ከመረጃ ሰብሳቢዋ ጎን ቁጭ አልኩ። አንዲት እናት ተጠሩ። ሁለት መኪና ቀይረው ነው የመጡት። ከታዘዘላቸው ሦስት መድኃኒት ያገኙት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም በእጃቸው ጨብጠውታል። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ፣ «እማማ፣ በዛሬው አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል? በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ፣ አልረካሁም፣ በጭራሽ አልረካሁም» ብላ በአንድ ትንፋሽ አነበበችላቸው።

እማማ መጀመሪያ ፊቷን አዩ። ከዚያ ጋውኗን አዩ። «ተመስገን ነው የኔ ልጅ። እናንተስ ምን ታደርጉ። በጣም ነው እንጂ» አሉ።

«በጣም ረክቻለሁ» ላይ ተከበበ። ቀጣይ።

እማማ ግን በሩን ሳይወጡ አብሯቸው የመጣውን ልጃቸውን፣ «ይሄን ሁሉ ቀን ውለን ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው?» ሲሉት ሰማሁ።

ልጅቷ የጻፈችው ውሸት አይደለም። እማማ ያሉትን ነው የጻፈችው። ግን የለካነው ምንድነው? በዚህ ሥራ ውስጥ ያላችሁ እስቲ አዋሩኝ።

የወንበር_ጥግ

እህቴ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የስኳር በሽተኛ ነኝ። በየሦስት ወሩ እመላለሳለሁ። እኔንም ብትጠይቂኝ «በጣም ረክቻለሁ» ነው የምልሽ። ለምን በይኝ። ካርዴ እናንተ ጋ ነዋ! ነገ ተመልሼ እዚያው መምጣቴ አይቀርም። የጠየቀችኝ ልጅ ማን እንደሆነች በምን አውቃለሁ? የሐኪሙ እህት ብትሆንስ?

ደግሞ አንዴ ጠይቀውኛል። የት መሰለሽ? የፋርማሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ። ከፊቴ ሁለት ሰው ነው የቀረው። ተራዬ እንዳያልፍ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። «አዎ፣ አዎ፣ ጥሩ ነው፣ አዎ» እያልኩ ጨረስኩላት። ያ ወረቀት የኔ እርካታ ተብሎ አዲስ አበባ ሄዷል ማለት ነው እንግዲህ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ እባካችሁ ወንበር!

ዶክተር_ቡና

ኳሊቲዋ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ይህን የእርካታ ነገር ከልቤ አላምንበትም። ባለሙያ ያልሆነ ሰው የሕክምናን ጥራት እንዴት ይመዝናል?

ምሳሌ ልስጥሽ። ጉንፋን ይዞት የመጣን ጎልማሳ በደንብ አይቼ፣ «ትኩስ ነገር ጠጣ፣ እረፍ፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም» ብዬ ብሸኘው አኩርፎ ነው የሚወጣው። ከግቢው ማዶ ያለው ሐኪም መርፌ ወግቶ ግሉኮስ ሰቅሎ ከላከው ግን፣ «ሐኪምስ እሱ!» ይባላል። በእርካታ ብንለካ ማን ያሸንፋል?

ደግሞ ተጠንቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ፌንተንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ ይዘው ያወጡትን ፈልጋችሁ አንብቡ። በሐኪማቸው በጣም የረኩት ሰዎች ወጪያቸው የበዛ፣ አልጋ ይዘው የመታከም ዕድላቸውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ የመሞት ዕድላቸው ብዙም ካልረኩት በ26 በመቶ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ አስረካና ግደል ነው ነገሩ።

በአንድ ጠዋት ከስልሳ ሰው በላይ አይቼ፣ ከዚያ ላይ «ለምን ፈገግ አላልክም» የሚል ወረቀት ሲመጣብኝ ምን እንደሚሰማኝ አስቡት። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ሁኑ እየተባልን ሥልጠና እንወስዳለን። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ለኛስ ማን ይራራልን?

ስታቱ

ዶክተር፣ ድካምህ ይገባኛል። ጥናቱንም አውቀዋለሁ። ግን ሁለት ነገር ልጨምርበት።

አንደኛ፣ ጠና ብሎ የታመመ ሰው ሐኪሙን ደጋግሞ ያያል። ደጋግሞ ሲያይ ይቀራረባል፣ ይወደዋል። አጥኚዎቹ የሰዎቹን ጤንነት በሒሳብ ለማስተካከል ሞክረዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥናት «እርካታ ገደለው» ለማለት አይበቃም። አብረው ሲሄዱ ታዩ፣ አለቀ። ሁለተኛ፣ እዚያ ጥናት ላይ የተጠየቁት ጥያቄዎች ስለ መርፌ አልነበሩም። ሐኪምህ በጥሞና ያዳምጥሃል ወይ፣ በሚገባህ መንገድ ያስረዳሃል ወይ፣ የምትለውን ያከብራል ወይ፣ በቂ ጊዜ ይሰጥሃል ወይ የሚሉ ናቸው። ከዚያ ለሐኪሙ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። የመርፌውን ጨዋታ በዚህ ማስረጃ ማስረዳት አትችልም።

ታካሚ የጥራትን ሁሉንም ገጽ አያይም፤ እዚህ ላይ ተስማምተናል። አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል ቤይሩት የተወለደ አርመናዊ ሐኪም ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል ይታያል አለ፦ ያለው ነገር (ሕንፃው፣ ሰው ኃይሉ፣ መድኃኒቱ)፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሚገኘው ውጤት። የምርመራው ውሳኔ ትክክል መሆኑን ታካሚው ላያውቅ ይችላል። መመርመሩን፣ ልብሱን ሲያወልቅ መጋረጃ መኖሩን፣ መድኃኒቱ መገኘቱን ግን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቻርት ላይ አይጻፍማ!

ኳሊቲዋ፣ አንቺ ያየሽው ነገር ይሉኝታ ነው። ፈረንጆቹም ለዚህ የተለየ ስም አላቸው፤ የኛን ያህል የሚገልጸው ግን አላየሁም። ከይሉኝታ ጀርባ ግን ሌላም አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ብሪያን ዊሊያምስና ጓደኞቹ እንግሊዝ አገር ታካሚዎችን በረጅሙ አነጋግረው አንድ ነገር አገኙ። ሰው ክፉ ነገር ደርሶበትም «ረክቻለሁ» ይላል። ምክንያቱም በልቡ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ ነገር ግዴታቸው ነበር ወይ? ግዴታቸው ከነበረስ ጥፋቱ የነሱ ነው ወይ? ለአንዱ እንኳ «አይደለም» ካለ ይቅር ይላል። አሁን ያንቺን እናት ቃል መልሰሽ አንብቢው፤ «እናንተስ ምን ታደርጉ።» ቁልጭ ብሎ እሱ ነው። መድኃኒቱ በመጥፋቱ ተከፍተዋል። የመረጃ ሰብሳቢዋ ጥፋት ነው ብለው ግን አያምኑም። ፈርደውላችሁ ሄዱ።

ስለዚህ «ረክተዋል ወይ» አትበይ። «ምን ሆነ» በይ። የመረመረዎት ሰው ሕመምዎ ምን እንደሆነ ነገረዎት? ከታዘዘልዎ ስንቱን እዚህ አገኙ? እንዴት እንደሚወስዱት አስረዱዎት? እስቲ ለኔም ይንገሩኝ? «አላስረዱኝም» ማለት ስድብ አይደለም፤ ወሬ ነው። አበሻ ሰውን ላለማስቀየም ይጠነቀቃል እንጂ ወሬ አይነፍግሽም።

ተማሪዋ_423

ስታቱ እግዜር ይስጥህ፤ ግን አስደነገጥከኝ። መመረቂያ ጽሑፌ ልክ ይኸው ርዕስ ነው። ስሜ ላይ ያለውን ቁጥር አያችሁት? ናሙናዬ ነው። 1.96 ሲባዛ በራሱ፣ ሲባዛ 0.5፣ ሲባዛ 0.5፣ ሲካፈል ለ0.05 ሲባዛ በራሱ፤ 384.16 መጣ። ለማይመልሱ ሰዎች አሥር በመቶ ጨመርኩ፤ 423። ክፍላችን ውስጥ ስንት 422 እና 423 እንዳለ ብታዩ በሳቅ ትሞታላችሁ።

መጠይቄ ሰርቭኳል በሚባለው የአገልግሎት ጥራት መለኪያ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ ያወጡት ማለት ነው። 22 ጥያቄ ስለሚጠበቀው፣ 22 ስለተገኘው። ልዩነቱ ይሰላል። አማካሪዬ ወዶታል። ሙከራ ላይ ግን አንድ አባት አስቸገሩኝ። «ረክተዋል?» ስላቸው፣ «ውኃ ጠጣሁ እንዴ የምረካው?» አሉኝ። «ገለልተኛ» የሚለውን ሳነብላቸው ደግሞ ቆጣ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» አሉ። ምን ብዬ ልተርጉመው?

ስታቱ

ሃሃ! አባባ ልክ ናቸው። «ገለልተኛ» የምርጫ ታዛቢ ነው። ሊከርት የሚባለው አሜሪካዊ ባለ አምስት ደረጃውን መለኪያ በ1932 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ አማርኛ አላሰበም። መሐሉን «ምንም አይልም» በይው፤ ወይም «እንደነገሩ ነው»። ሰው የሚለው እሱን ነው። እርካታውንም «እንዴት አገኙት?» ብለሽ ጀምሪ። አንድ ሰው ወደ አማርኛ መልሶ፣ ሌላ ያላየው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው ጥሩ ነው፤ ግን ያ ብቻውን አያድንሽም። «ገለልተኛ» እኮ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ አንደኛ ነው፤ ዝንፍ አይልም። አባባ ጋ ሲደርስ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ አምስትና ስድስት ሰው ቁጭ አድርገሽ፣ «ይህን ጥያቄ ስጠይቅዎ ምን ገባዎት?» በያቸው።

ስለ ሰርቭኳል አንድ ስጋት አለኝ። የሚጠበቀውን ከተገኘው ጋር ያነጻጽራል። ምንም ያልጠበቀ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም። ወንበር አገኛለሁ ብሎ ያልመጣ ሰው ቆሞ ቢውልም ልዩነቱ ዜሮ ነው። የድሃው ክሊኒክ ጎበዝ ሆኖ ይወጣል።

423 ምንም አይልም፤ አትፈሪ። 0.5 (ይረካል ተብሎ የሚገመተው ሰው ድርሻ) የሚገባው የቀደመ ጥናት ከሌለሽ ነው፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው እሱ ስለሆነ። 0.8 ብታስገቢ በ384ቱ ፋንታ 246 ነበር የሚወጣልሽ። ዋናው ችግር ቁጥሩ አይደለም። ያለ ቦታቸው ያለ ሰዓታቸው የተጠየቁ 423 ሰዎች አንድ ዓይነት ጨዋ መልስ ቢሰጡሽ የምታገኚው በጣም የተስተካከለ ስህተት ነው። በወር 8 ሺህ ተመላላሽ ካለ በየ18ኛው ሰው ያዢ፤ የመጀመሪያውን ከ1 እስከ 18 በዕጣ አውጪ። ሰኞም ይካተት፣ የገበያ ቀንም ይካተት። መረጃ ሰብሳቢዎችሽ ከሰዓት በኋላ ጸጥ ሲል ብቻ ከጠየቁ፣ ጠዋት ተጋፍቶ ተስፋ ቆርጦ የሄደውን ሰው መቼም አታገኚውም።

ካርድ_ክፍል

እኛን ማንም አይጠይቀንም፤ ግን ልናገር። 14 ዓመት ካርድ ሳወጣ ኖሬያለሁ። ስድቡ ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚራገፈው። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ሰው ጨዋ ይሆናል።

የጥበቃ ጊዜ ስትለኩ ሰዓቱን እዩ፣ ሰዓቱን! አንዴ ከኳሊቲ መጥተው ወረቀት በተኑ። እያንዳንዱ ታካሚ ሲገባ እኛ ሰዓት እንጽፋለን፣ ሐኪሙ ጋ ሲገባ ነርሷ ትጽፋለች። እኛ በሐበሻ ሰዓት 2:30 ብለን ጻፍን። ነርሷ ስልኳን አይታ 10:00 አለች። ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ሰውዬው ሰባት ሰዓት ተኩል ጠበቀ ተባለ። እውነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስብሰባ ላይ ተጠርተን ተገሠጽን። ማንም ሰዓቱን አላየም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ «ነርሷ እኮ በፈረንጅ ነው የጻፈችው» ያለችው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ቀጠሮ በኛ፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ።

ስታቱ

ይሄ ወርቅ ነው። ተማሪዋ፣ ጻፊው።

በዚያ ላይ አማካኙን ብቻ አትዩ። አምስት ሰው 20፣ 25፣ 30፣ 35 እና 240 ደቂቃ ቢጠብቅ አማካኙ 70 ይመጣል። 70 ደቂቃ የጠበቀ ሰው ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። መሐል ላይ ያለው 30 ነው። ያ 240 የጠበቀው ግን ማነው? እሱን ነው ፈልጎ ማግኘት። ብዙ ጊዜ ካርዱ የጠፋበት ሰው ነው።

ካርድ_ክፍል

ወይ ጉድ፣ ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ!

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነኝ። ለአበሻ ታካሚዎች አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። እዚህ ያለው ነገር ሌላ ዓለም ይመስላችኋል፤ ይሉኝታው ግን ቪዛ አግኝቶ ተከትሎን መጥቷል።

እዚህ መጠይቁ ካፕስ ይባላል። የመንግሥት የጤና ምርምር መሥሪያ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ስታቱ የጠቀሳቸው ጥያቄዎች ከዚያ ናቸው። «ባለፉት 6 ወራት ሐኪምህ በሚገባህ መንገድ ስንት ጊዜ አስረዳህ? በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ሁልጊዜ።» ሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው «ሁልጊዜ» ያለው ብቻ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ካልክ ሐኪሙ ነጥቡን አላገኘም።

የኛ ሰዎች ችግር እዚህ ላይ ነው። እናቴን ከ0 እስከ 10 ለሐኪምሽ ስንት ትሰጪያለሽ ብያት፣ «ስምንት» አለች። «እማ፣ ትወጅው የለም እንዴ?» ስላት፣ «እወደዋለሁ፤ አሥር ግን የእግዜር ነው» አለችኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሉኝታ ነጥቡን ወደ ላይ ይጎትታል፤ እዚህ ደግሞ ስምንት የሰጠች እናት የተከፋች ተደርጋ ትቆጠራለች። በዚያ ላይ ወረቀቱ በፖስታ ወይም በኢሜይል፣ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። እናቴ ሂሳብ የመጣባት መስሏት ደንግጣ መሳቢያ ውስጥ ትደብቀዋለች። ሦስት አግኝቻለሁ።

ስለዚህ እዚህ አገር ያለው ውጤት የመለሰው ሰው ውጤት ነው። የኛ እናቶች እዚያ ውስጥ የሉም።

ዶክተር_ቡና

እሺ፣ የመርፌዋን ነገር ትቻለሁ፤ ተሸንፌያለሁ። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። ታካሚው «ሐኪሙ አላስረዳኝም» ካለና እኔ ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ብቻ ካለኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው? ወረቀቱ ላይ ስሜ ነው የሚወጣው።

ስታቱ

ስምህ መውጣት የለበትም። በአንድ ሐኪም ሠላሳ መልስ ይዞ ሰው መመዘን ሒሳቡም አይፈቅድም። የአራት ደቂቃው ነገር ግን መውጣት አለበት። ታካሚው «አላስረዳኝም» ሲል ላንተም እየመሰከረልህ ነው እኮ። ሐኪም ያንሳል ብለህ ስትጮህ ማስረጃህ ያ ነው።

ባለመድህን

ከገጠር ወረዳ ነኝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ነኝ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳ በሙከራ ሲጀመር እኛ አልነበርንም፤ በኋላ ነው የገባነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በኪሴ ከፍዬ ስታከም መድኃኒት ጠፋ ሲሉኝ «ምን ይደረግ» እል ነበር። አሁን ግን ዓመቱን ቀድሜ ከፍያለሁ። «ውጭ ግዛ» ስባል ሁለቴ የከፈልኩ ነው የሚመስለኝ። ስትጠይቁ መድህን ያለውን ከሌለው ለይታችሁ ጠይቁ። አንድ ላይ ከደባለቃችሁት የኛ ቅሬታ ይሟሟል።

ኳሊቲዋ

ባለመድህን፣ እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጤና ሚኒስቴሩን መጠይቅ ደግሜ አነበብኩት። በ2002 ዓ.ም. የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያው በወጣበት አካባቢ ከዬል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር የተዘጋጁ ሁለት አጫጭር መጠይቆች አሉ፤ አንዱ ለተኝቶ ታካሚ፣ አንዱ ለተመላላሽ። ለካ እዚያ ውስጥ ስለ ነርሶችና ሐኪሞች አነጋገር፣ ስለ ግቢው ንጽሕና፣ ስለ መድኃኒት ማብራሪያ ለየብቻ ጥያቄ አለ። እኛ ስንጨምቀው ስንጨምቀው አንዲት ቁጥር አድርገን ነው የምንልከው። ዝርዝሩ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ እናት።

እሞክረውና እመለሳለሁ።

ኳሊቲዋ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

መጣሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍሉ።

መጀመሪያ ጋውኑን አስወለቅኩ። ጠያቂዎቹን ከኛ ሠራተኛ አላደረግኩም፤ 12ኛ ክፍል የጨረሱ የሠፈር ልጆች ናቸው፣ ሁለት ቀን አሠልጥነናቸዋል። ቦታውን ከግቢው ውጭ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት አጠገብ ያለች ሻይ ቤት አደረግነው። ባለቤቷ ሁለት በርጩማ ሰጠችን። ሰው መድኃኒቱን ይዞ ወይም ሳይዝ ወጥቶ፣ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ አንደበቱ ሌላ ነው። ቤት ያለች ሕፃን የሚያስቡ እናቶች ግን ቸኩለው አልፈውናል፤ እነሱ ቀርተውብኛል።

ሰዓቱን ሁሉም በሐበሻ እንዲጽፍ አደረግን። ካርድ ክፍል፣ ምስጋናዬ ይድረስህ።

ጥያቄዎቹን ወደ «ምን ሆነ» ቀየርን፤ መጨረሻ ላይ ግን የድሮዋን «ረክተዋል ወይ» ለማነጻጸር ተውናት። ይገርማችኋል፤ እሷ ብዙም አልወረደችም። ያው «ተመስገን» ነው። የተለወጠው ከሷ በፊት ያለው ነው። አንድ ሽማግሌ፣ «መድኃኒቱን እንዴት ይወስዱታል?» ሲባሉ ከረጢቱን ፈተው ሁለት ዓይነት ክኒን አወጡ። «ነጩ ጠዋት፣ ቢጫው... ቢጫውም ጠዋት መሰለኝ» አሉ። ወረቀቱ ላይ ቢጫው በቀን ሦስት ጊዜ ነው የሚለው። ልጁ ሮጦ ፋርማሲስቷን ጠራት። እሷ መጥታ አስረድታቸው ስታበቃ፣ «ረክተዋል?» ለምትለዋ የመጨረሻ ጥያቄ፣ «በጣም!» አሉ። ከዚያ በፊትም ቢጠየቁ «በጣም» ነበር የሚሉት። ያች ክኒን ግን በሪፖርት አትታይም ነበር።

የመድኃኒት ማብራሪያ ነው ጉዱ። ብዙ ሰው «ሰጥተውኛል፤ አልነገሩኝም» አለ። የፋርማሲው መስኮት ጠባብ ነው፤ ከኋላ ሰው ይገፋል። ፋርማሲስቷም «ልንገራቸው ብልስ ማን ይሰማኛል?» አለችኝ። አሁን ለማብራሪያ ብቻ አንድ ጥግ ለይተናል። መጋረጃ የለውም፤ ግን ጥግ ነው።

የአስተያየት ሣጥኑንም አስከፈትኩት። ቁልፉ ጠፍቶ ቁልፍ ሠሪ ነው የመጣው። ውስጡ የማስቲካ ወረቀት፣ የአውቶቡስ ቲኬትና ሦስት ደብዳቤ አገኘን። አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። «እባካችሁ ለነፍሰ ጡሮች እንኳ መቀመጫ አድርጉ» ይላል። ያች ሴት ልጇ አሁን እየሮጠ ይሆናል።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። አዲሱን ውጤት ለሥራ አስኪያጁ ሳቀርብ፣ «ለምን ወረደ? ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር ስንወዳደር እኛ ብቻ ልንቀንስ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሌላው ጋውን ለብሶ እየለካ እኛ ሻይ ቤት ብንለካ እኛ ነን የምናንሰው።

ስታቱ

አታነጻጽሪው። በሌላ መንገድ የተለካን በሌላ መንገድ ከተለካ ጋር ማስተያየት ሜትርን ከክንድ ጋር ነው። ለላይኛው መሥሪያ ቤት የተለመደውን በተለመደው መንገድ ላኪ። የአዲሱን አንድ ብለሽ ጀምሪና ራስሽን ከራስሽ ጋር ብቻ አስተያዪ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት «መድኃኒቱን አስረዱኝ» ያለው ሰው ከጨመረ፣ ሥራ አስኪያጁም የሚያሳየው ነገር አገኘ።

ቸኩለው ያለፉሽን እናቶች ደግሞ ስልካቸውን ተቀብለሽ ከሦስት ቀን በኋላ ደውይላቸው። ያን ጊዜ መድኃኒቱን ውጭ አግኝተውት እንደሆነም ታውቂያለሽ። ስልክ የሌላቸውን ግን መዝግቢ፤ ከዝርዝሩ እንዳይጠፉ።

ዶክተር_ቡና

የቢጫዋ ክኒን ነገር አሳመመኝ። በኛ ቤት ስንት አለ ማለት ነው? ጥያቄዎቹን ላኪልኝ። ስም የማይጻፍበት ከሆነ እኔም አስጠይቃለሁ።

ተማሪዋ_423

እኔም! አማካሪዬ ሰርቭኳሉን ትቼ እንዳልሄድ ብሎኛል፤ ግን «ምን ሆነ» ጥያቄዎችን አስፈቅጃለሁ። «ገለልተኛ»ን አውጥቻታለሁ። አባባን ደግሜ አገኘኋቸው፤ «እንደነገሩ» ስላቸው ሳቁና፣ «አሁን ገባኝ፤ ዛሬ እንደነገሩ ነው» አሉኝ።

ኳሊቲዋ

ለሁለታችሁም ነገ በቴሌግራም እልካለሁ።

የወንበር_ጥግ

ይሄን ሁሉ አወራችሁ። ወንበሩስ?

ኳሊቲዋ

መጣ! የሣጥኗን ደብዳቤ ስብሰባ ላይ አነበብኩላቸውና አራት አግዳሚ ተሠራ። ባለፈው ሐሙስ ገባ። ከአራቱ ሁለቱን ግን ካርድ ክፍል ወሰዳቸው።

ካርድ_ክፍል

እኛም እንቀመጣለን እኮ።